የስኳር ሕመም ለጎዳው ዓይን የሚሰጠው የሌዘር ሕክምና፦ የአንድ ታካሚ ግምገማ

በስኳር ሕመም ሳቢያ በሬቲናዬ (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ውስጠኛ ሽፋን) ላይ በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ የደም ሥሮች በመብቀላቸው ሁለቱም ዓይኖቼ በሌዘር ታክመዋል። ሕክምናው ያለውን እይታ ለማቆየት እንጂ የጠፋውን ለመመለስ እንደማይሰጥ ያልተረዳ ሰው ቅር መሰኘቱ አይቀርም፤ ጨረሩ ኦክስጅን ያጠረውን የሬቲና ዳር በብዙ መቶ ነጥቦች እያቃጠለ አዳዲሶቹን ሥሮች የሚያበቅለውን ኬሚካዊ ምልክት ስለሚቀንስ፣ ዳሩ ተሠውቶ መሃሉ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ሕክምናው ከባድ የእይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የማደንዘዣ ጠብታ ተደርጎልኝ፣ አገጬን መደገፊያው ላይ አሳርፌ፣ ዓይኔን በሌንስ ከፍተው ሲይዙልኝ አረንጓዴ ብልጭታው ይከታተል ጀመር። አብዛኛው አይሰማም፤ አንዳንዱ ግን ከዓይን ጀርባ ድንገት ይወጋል፣ መንቀሳቀስም አይፈቀድም። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ሁሉም ነገር ደበዘዘብኝ።

በውጤቱ ረክቻለሁ፤ መድማቱ ቆሟል። ቅሬታዬ የምሽትና የጎን እይታ ሊቀንስ እንደሚችል አስቀድሞ አለመነገሩ ላይ ነው፤ ይህን የተረዳሁት በጨለመ ደረጃ ላይ እግሬ ሲስት ነበር። ችግራቸው የሬቲና መሃል እብጠት የሆነ ሕመምተኞች ዛሬ በአብዛኛው የሚጀምሩት በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ስለሆነ፣ የትኛው እንደሚስማማቸው ከቀጠሮው በፊት ሐኪማቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው።