ሞርተን አርቦሬተም ከሄዳችሁ ወደ ምዕራቡ ክፍል ተሻገሩ

በቺካጎ አቅራቢያ ያለውን የዛፎች መናፈሻ፣ ሞርተን አርቦሬተምን፣ አየሁ የሚል የቺካጎ ሐበሻ ሁሉ የሚያወራልኝ ስለ ምሥራቁ ክፍል ነው፤ ስለ ልጆቹ መጫወቻና በጸደይ ስለሚፈካው አበባ። እኔ ግን የመግቢያውን ገንዘብ የምከፍለው ከመንገድ 53 ማዶ ላለው ለሹለንበርግ ፕሬሪ፣ ለዚያ የዱር ሣር ሜዳ፣ ስል ነው።

ኢሊኖይ «የፕሬሪ ግዛት» ትባል እንጂ ከጥንቱ የሣር ምድሯ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልተረፈም። ሌላው ታርሶ በቆሎና አኩሪ አተር ሆኗል። ይኼኛውም ቢሆን ሰው መልሶ ያቆመው ነው። ሬይ ሹለንበርግ የተባሉት የአርቦሬተሙ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 የእርሻ መሬት በነበረ ቦታ ላይ ሥራውን ጀመሩ። ማረሻ ሳይነካቸው በየቦታው ከቀሩ ቁራጭ መሬቶች ዘር እየለቀሙ፣ ችግኝ እያፈሉ፣ በእጅ እየተከሉና እያረሙ ነው ያደረሱት። ትራክተር በጥቂት ዓመታት ያጠፋውን ሰው ተንበርክኮ ሲመልሰው ማየት ያስደንቀኛል፤ በሌላ በየትኛውም መናፈሻ እንዲህ አይሰማኝም።

ባለፈው ኦገስት መጨረሻ ከቡሬ የመጡትን አክስቴን ይዣቸው ሄድኩ። በዚያ ወቅት ቢግ ብሉስተም የሚባለው ሣር ከሰው ቁመት በላይ ነው። አክስቴ አንዱን ዘለላ ዳበስ አድርገው፣ «ይኼማ ሰንበሌጥ ነው እኮ ልጄ! ስንት ቤት ይከድን ነበር!» አሉ። አልተሳሳቱም፤ ሁለቱ ሣሮች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በየጊዜው ሆን ተብሎ እንደሚቃጠል ስነግራቸውም አልገረማቸውም። «እሳት ካልጠረገው ቁጥቋጦ ይውጠዋል» አሉኝ። ምክንያቱ ይኸው ነው። የሣሩ ሥር ሁለትና ሦስት ሜትር ወደ ታች ስለሚወርድ እሳቱ ላዩን ቢበላው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከውጭ አገር መጥቶ የተስፋፋው ቁጥቋጦ ግን አይችለውም።

ኮምፓስ ፕላንት የተባለውን ተክል ሳታዩ እንዳትመለሱ። ትልልቅና የተሰነጣጠቁ ቅጠሎቹ ጠርዛቸውን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዙረው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አክስቴ ፀሐይዋን አይተው አቅጣጫውን ራሳቸው አረጋገጡ።

ሣሩ ሲያበቃ በር ኦክ የሚባሉት ዛፎች ይቀበሏችኋል። ቅርፊታቸው ወፍራም ስለሆነ እሳቱን ይቋቋማሉ፤ ለዚህም ነው ከፕሬሪው ጎን ለጎን የሚኖሩት። ጥላ የምታገኙት እዚያ ብቻ ስለሆነ አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ውኃም ያዙ። ከአይ-88 አውራ ጎዳና የሚመጣው የመኪና ድምፅ እስከ ውስጥ ድረስ ይሰማል፤ ፍጹም ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

መዥገር ስላለ ረጅም ሱሪና ካልሲ አድርጉ፤ ከመንገዱም አትውጡ። ትኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። መኪና የሌለው ሰው በሜትራ ባቡር ላይል ከተማ ድረስ መጥቶ ከዚያ ታክሲ ቢይዝ ይሻለዋል። ከኦገስት ሌላ ወር ምረጥ ብትሉኝ ኦክቶበርን እላችኋለሁ፦ አበባው ቢቀንስም ሣሩ በሙሉ መዳብ መስሎ ይቀላል፣ ሙቀቱም ይበርዳል።