ቲቲ600 ፍላሽ ከነጭ ጃንጥላ ጋር፦ ለጀማሪ ይበቃል ወይ?

ይበቃል። መጀመሪያ ይህን ልበልና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ክርስትና፣ ምርቃት፣ ሽምግልናና መልስ ያነሳሁት በአንድ ጎዶክስ ቲቲ600 ፍላሽ፣ በአንድ ኤክስ2ቲ ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን በሬዲዮ የሚያበራው ዕቃ)፣ ብርሃን በሚያለሰልስ አንድ ነጭ የፎቶ ጃንጥላና በአንድ ስታንድ ነው። ካሜራ ገዝታችሁ ፎቶው አልጥም ስላላችሁ ሌንስ ለመቀየር ብር እያጠራቀማችሁ ከሆነ፣ ትንሽ ቆዩና ይህን አንብቡ።

ፍላሽ ካሜራው አናት ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ሲበራ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ግንባር ያብለጨልጫል፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል። ወደ ጣሪያ አዙራችሁ አብሩት የሚል ምክር አለ። ጣሪያው ነጭ ከሆነ እሰየው። እኛ የምንሠራባቸው ብዙ ሳሎኖች ግን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀቡ ናቸው፣ ብርሃኑ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይመለስና የሙሽራዋ ፊት አረንጓዴ ይሆናል። የድንኳኑንማ ነገር አታንሱት። ፍላሹን ከካሜራው አውርዳችሁ በጎን በኩል፣ ከጭንቅላት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ በነጭ ጃንጥላ ውስጥ ስታሳልፉት ግን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ግድግዳው ምንም ይቀባ ምን።

ወደ ዕቃው። ቲቲ600 ማኑዋል ብቻ ነው። ኃይሉን ከ1/1 እስከ 1/128 በእጃችሁ ትመርጣላችሁ፣ ካሜራው አይመርጥላችሁም። ቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን ኃይል የሚመርጥበት ዘዴ) የለውም ብለው የሚያጣጥሉት አሉ፣ እኔ ግን ለጀማሪ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው ባይ ነኝ። 1/8 ላይ ካደረጋችሁት ሁልጊዜ ያው 1/8 ነው። ፎቶው ኦቨር ከሆነ፣ ማለትም ብርሃን ከበዛበት፣ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በሚቀጥለው ታስተካክሉታላችሁ። የሬዲዮ መቀበያው ውስጡ ስላለ ሌላ ዕቃ አይጨመርበትም። ትሪገሩን ካሜራው ላይ ትሰካላችሁ፣ ሁለቱን አንድ ቻናል ላይ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ።

ትሪገሩን ስትገዙ የስሙ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል እዩ። ሲ ለካነን፣ ኤን ለኒኮን፣ ኤስ ለሶኒ ነው። ፍላሹ ከካሜራው ጋር የሚነጋገረው በሬዲዮ ስለሆነ ነገ ካሜራ ብትቀይሩ የምትቀይሩት ትሪገሩን ብቻ ነው። ካነን 2000ዲ ወይም 4000ዲ ያላችሁ ደግሞ በተለይ ስሙኝ። የእናንተ ካሜራ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሃሉ ላይ ያለችው ክብ ነጥብ የለችውም። ርካሽ ማኑዋል ፍላሾችና ትሪገሮች የሚበሩት ደግሞ በዚያች ነጥብ ነው። ሰክታችሁ ስትጫኑ ዝም ይላሉ፣ እናንተም ዕቃው የተበላሸ ይመስላችኋል። ቲቲ600ም ካሜራችሁ አናት ላይ ቢሰካ አይበራም፣ በኤክስ2ቲ-ሲ በኩል ግን ይበራል። ስለዚህ ትሪገሩ ላይ አትቆጥቡ።

አሁን በጣም የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። የሀበሻ ልብስ ማንሳት ከባድ ነው። ነጠላው ነጭ ነው፣ ፊታችን ጠይም ነው። ለፊቱ ስታስተካክሉ ነጠላው ይቃጠልና የጥበቡ ክር ይጠፋል፣ ለነጠላው ስታስተካክሉ ፊቱ ይጠቁራል። ጃንጥላው ይህን ይፈታዋል። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ጃንጥላውን ከምትነሳዋ ሴት ፊት 80 ሴንቲሜትር ያህል አስጠግቼ ከላይ በጎን አቆመዋለሁ፣ የቀሚሱ ጫፍ ከብርሃኑ 1 ሜትር ተኩል በላይ ይርቃል። ከዚያ ጃንጥላውን ትንሽ ቀና አደርገዋለሁ፣ ጠንካራው ብርሃን ፊቷን ይዞ ወደ ላይ ያልፋል፣ ነጠላው ላይ የሚያርፈው ጠርዙ ብቻ ነው። አይኤስኦ 200፣ አፐርቸር 5.6፣ ሹተር 1/160፣ ፍላሹ 1/16። መጀመሪያ ቀን ይህን ሞክሬ ስክሪኑን ሳሰፋው የጥበቡ ወርቃማ ክር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር፣ ፊቷ ላይም ጉንጯ ክብ ሆኖ ወጥቷል።

የባትሪ ነገር ግን አቃጥሎኛል። ፍላሹ 4 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ (AA የሚባለውን) ይበላል። መጀመሪያ ባነሳሁት ሠርግ ከሰፈር ሱቅ ስሙን እንኳ ያላየሁትን ርካሽ ድንጋይ ገዝቼ ሄድኩ። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። አንዱን አነሳሁ። ቀና ስትል አባቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው እያለቀሱ መረቋት፣ እኔ ተጫንኩ፣ ፍላሹ አልበራም። ገና እየሞላ ነበር። ያቺ ፎቶ ጨለማ ነች፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን የምይዘው ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ድንጋይ ነው፣ እንደ ኤነሉፕ ያለ። 8 ለፍላሹ፣ 2 ለትሪገሩ፣ ከነ ቻርጀሩ። በደህና ድንጋይ ሙሉ ኃይል ላይ እንኳ ከ3 ሰከንድ ባነሰ ይሞላል፣ 1/8 ላይ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። መብራት ቢጠፋም ግድ የላችሁም፣ ሶኬት የሚፈልገው ትልቅ ሪንግ ላይት ግን ቀጥ ይላል።

ስታንዱ ርካሽ ይሁን፣ ችግር የለውም። ብቻውን ግን አታቁሙት። ጃንጥላ ሸራ ማለት ነው፣ ሐምሌ ላይ ምርቃት ስታነሱ ትንሽ ነፋስ ከመጣ ፍላሹን ይዞት ይወድቃል። ፌስታል ውስጥ ድንጋይ ከትታችሁ እግሩ ላይ አንጠልጥሉ፣ ወይም የተመራቂውን ወንድም ያዝልኝ በሉት። ፍላሹን ለሚይዘው ብረት ኤስ የሚባለውን ዓይነት ግዙ። አንገቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ወደፊት ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ብታስቡም ያው እሱ ያገለግላል።

ማይመቸው የቱ ጋ ነው? ሰው እየጨፈረ፣ እናንተ እየተሯሯጣችሁ ስትሠሩ ርቀቱ በየደቂቃው ስለሚቀየር ማኑዋል ያደክማል። ሥራችሁ ሁሉ የአዳራሽ ጭፈራ ከሆነ ቲቲኤል ያለው ፍላሽ ፈልጉ። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይም ጃንጥላ ውስጥ ያለ አንድ ፍላሽ አቅም ያንሰዋል። ብዙ ካሜራ ላይ ሹተሩን ከ1/200 በላይ ስታደርጉ ፎቶው ላይ ጥቁር መጋረጃ ይመጣል፣ ኤችኤስኤስ (ፍላሹን ከፈጣን ሹተር ጋር የሚያስኬደው ዘዴ) ስታበሩ ይጠፋል፣ ግን ብርሃኑን በጣም ይቀንሰዋል። እኔ ጥላ እፈልጋለሁ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ኑ እላቸዋለሁ።

ሱቅ ስትሄዱ ባትሪና ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ፍላሹን ከትሪገሩ ጋር አገናኙ፣ ሙሉ ኃይል ላይ አሥር ጊዜ አብሩት፣ የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁ ዝጉ። ያገለገለ ከሆነ ክዳኑና እግሩ ላይ ስንጥቅ እንዳለ እዩ።

ቀጥዬ የምገዛው ሁለተኛ ቲቲ600 ነው። ትሪገሩ ስላለኝ የምጨምረው ፍላሹን ብቻ ነው። ኃይሉን ከትሪገሩ ላይ ለብቻው እንድመርጥ ግሩፕ ቢ ላይ አድርጌ ከሙሽሮቹ ጀርባ፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ አቆመዋለሁ።