የአሮው የግንድ ጀልባ ለአዲስ አበባ ዙሪያ መዝናኛዎች፦ ከጀልባው በፊት ፓምፑን እዩ

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ላይ መዝናኛ ለመክፈት ያሰበ ሰው ካታሎግ ሲያገላብጥ ዓይኑ የሚያርፈው ሰው ይዛ በውኃ ቦይ እየሄደች ከተዳፋት በምትወርደው፣ ግንድ አስመስለው በሠሯት የፋይበር ግላስ ጀልባ ላይ ነው። ጀልባዋ ግን ተሸካሚ ብቻ ናት። ይህን ጨዋታ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ፓምፑ ነው።

ዲዛይኑ የአሮው ዴቨሎፕመንት ነው። ኤድ ሞርጋን፣ ካርል ቤከን፣ ቢል ሃርዲማንና አንገስ አንደርሰን በ1940ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ውስጥ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። በ1955 ለተከፈተው ዲዝኒላንድ መጫወቻዎችን ሠራ፤ በ1963 ደግሞ ቴክሳስ በሚገኘው ሲክስ ፍላግስ መዝናኛ «ኤል አሴራዴሮ» የተባለውን የግንድ ጀልባ ተከለ። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ፖል ቦይተን በ1895 ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ ያስገባው ዓይነት፣ ጠፍጣፋ ጀልባ ከተዳፋት ወርዶ ሰፊ ኩሬ ውስጥ የሚዘፈቅበት ነበር። አሮው ኩሬውን ትቶ ጠባብ ቦይ ሠራ። ጀልባዋ በጎኗ ባሉት ሮለሮች የቦዩን ግድግዳ እየተደገፈች ትሄዳለች፤ ነጂ አያስፈልጋትም። ሥራውን እናደንቃለን፤ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ቀላል መላ አልተገኘም።

አሠራሩ ይህ ነው። ፓምፑ ከታችኛው ገንዳ ውኃ ወደ ቦዩ ራስ ያወጣል፣ ውኃው ቁልቁል ሲፈስ ጀልባዋን ይዞ ይሄዳል። ወደ መውረጃው ጫፍ የሚያወጣት ቀበቶ ወይም ሰንሰለት ነው። እዚያ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት የሚይዛት ጥርስ አለ፤ ጠዋት ከመክፈቻ በፊት እያንዳንዱን በእጅ አንስቶ መልቀቅ ነው፣ በራሱ ካልወደቀ ዝጓል ወይም ቆሻሻ ይዞታል፣ ሥራ አይጀመርም። ከ10 ሜትር ስትወርድ ሰበቃውን ካልቆጠርን ፍጥነቷ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፍሬኗ ታች የሚጠብቃት ውኃ ነው፤ ውኃው ከልኩ ከጎደለ ፍጥነቷ ሳይበርድ ኩርባው ላይ ትደርሳለች። ለሱሉልታ ብርድ 10 ሜትር ይበዛል፤ በእኛ ሚዛን 5 ወይም 6 ሜትር ይበቃል።

አሁን ወደ ከፍታው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ውኃን በስሌት እስከ 10.3 ሜትር ይገፋል፤ 2,400 ሜትር ላይ 7.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከገንዳው በላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ እዚህ ቶሎ ይቸገራል፦ ውስጡ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ የሚሽከረከረው ክንፉም ይበሳሳል። ፓምፑ ከውኃው ወለል በታች ይቀመጥ። ሞተርም አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው እስከ 1,000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ስለሆነ ከፍ ያለ አቅም ይታዘዝ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጄኔሬተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል።

ያገለገለ ዕቃ ከአሜሪካ ለሚያስመጣ ሌላ ነገር አለ። እዚያ የመብራቱ ድግግሞሽ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 50። ያው ፓምፕ እዚህ ሲሠራ ሞተሩ ስለሚዘገይ የሚሰጠው ውኃ በ17 በመቶ፣ የሚያወጣበት ከፍታ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጀልባዋ ደረቅ ላይ የምትቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ገንዳው ይመለሳል። 200 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ 96 ሜትር ኩብ ይይዛል። ፓምፑ እየሠራ ገንዳውን እስከ አፉ የሞላ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ግቢውን ያጥለቀልቃል።

የአካባቢው መረሬ አፈር ቦዩን ይሰነጥቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። መረሬው ተቆርጦ ወጥቶ ገረጋንቲ በየንብርብሩ ይጠቅጠቅ፣ የኮንክሪቱም መጋጠሚያ ውኃ የማያሳልፍ ጎማ ይግባበት።

አሮው በ1985 እና በ2001 ከሰረ፤ በ2002 ንብረቱን ኤስ ኤንድ ኤስ የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች ገዛው። «ኦሪጅናል አሮው» ለሚላችሁ ሻጭ መጀመሪያ ድሮዊንጉን ጠይቁት። ዘንግና ዘንጉ የሚገባበት ቡሽ ቶርኖ ቤት ይሠራል፤ የጎን ሮለርና ኩሽኔታ ግን ከግዢው ጋር በመለዋወጫነት ይምጣ፣ ውኃ ማኅተሙን አልፎ ግሪሱን ሲያጥበው ቶሎ ያልቃል።

የቦዩ ውኃ ንጹሕ እንዲሆን ለክሎሪኑ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ለፒ ኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.2 እስከ 7.8 ይጠበቅ። ፀሐይ ክሎሪኑን ስለምትበላው የጠዋቱ ልኬት ለከሰዓት አይሠራም።