ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ «ዊንዶው 11 እንጫንልህ» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ዊንዶው 10 ድጋፉ ካበቃ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው ሦስት ጊዜ ገንዘብ የሚከፍልበት አንድ አካሄድ አለ። መጀመሪያ «10 ተዘግቷል፣ 11 ካልጫንክ ኮምፒውተርህ አይሠራም» ይባላል፤ ይከፈላል። ላፕቶፑ ቤት ሲደርስ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ ብሮውዘር ሲከፈት ስታክ ያደርጋል። ሲመለስ «ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያንሰዋል» ተብሎ እንደገና ይከፈላል። ያም ካልረዳ «በቃ አርጅቷል፣ ጨምርና ሌላ ውሰድ» ይመጣል። የሚያሳዝነው፣ ላፕቶፑ እንደሚንቀራፈፍ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ሳይከፈል በሁለት ደቂቃ ማወቅ ይቻል ነበር።

«ተዘግቷል» የሚለው ትክክል አይደለም። ያበቃው ነፃው የደኅንነት ማሻሻያ ነው፤ ዊንዶው 10 እስከ ዛሬ ይነሳል፣ ይሠራል። ስሪቱ 22ኤች2 ከሆነና በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ፣ ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማሻሻያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አራዝሟል። መመዝገቢያው ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ማንም በችኮላ ሊያስከፍላችሁ አይገባም። ላፕቶፑ መስፈርቱን የሚያሟላና ዊንዶው 10 ሕጋዊ ከሆነ ደግሞ ወደ 11 ማሳደጉ ራሱ ነፃ ነው፤ ለባለሙያው ድካም መክፈል ተገቢ ነው፣ «ለላይሰንስ» ተብሎ ግን አትክፈሉ።

አሁን ወደ ሁለት ደቂቃው ምርመራ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡ። ሲፒዩ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይታያል። «አይ5 ነው» ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ጄኔሬሽኑ (የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ) የሚታወቀው ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር ነው። አይ5-7200ዩ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ አይ5-8250ዩ ስምንተኛ። ዊንዶው 11 በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጀምሮ ነው የሚቀበለው፤ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡትም (ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከላከል) ይፈልጋል። ከዚያ በታች ባለ ማሽን ላይ የሚጭኑት ይህን የመስፈርት ፍተሻ እንዲዘል በተዘጋጀ ፍላሽ ነው። መጫኑ ይጫናል፤ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ዋስትና አይሰጥም፣ ዋናው ዓመታዊ ስሪት ሲወጣም በራሱ ስለማይመጣ በእጅ ማስጫን ያስፈልጋል። ይኼ ማለት ሌላ ክፍያ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ዲስክ የሚለውን እዩ። ኤችዲዲ (የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ) የሚል ካለ፣ ጉዳዩ እዚህ ላይ አልቋል፦ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ሳታስገቡ ዊንዶው 11 አታስጭኑ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዊንዶው ከበስተጀርባ ሁልጊዜ ትናንሽ፣ የተበታተኑ ፋይሎችን ያነባል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለውን ንባብ በሴኮንድ መቶ ገደማ ብቻ ይችላል፤ ሳታ በተባለው የተለመደ መሰኪያ የሚገባ ተራ ኤስኤስዲ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ንባብ ይችላል። ዲስኩ ምንም ሳትሠሩ 100% ላይ ተሰክቶ የሚቀረው ለዚህ ነው። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ይብሳል፤ ሲሞላ ሲስተሙ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ቀርፋፋው ዲስክም በላዩ ሸክም ይጨመርበታል። 4 ጊጋ በወረቀት ላይ ዝቅተኛው መስፈርት ስለሆነ ሻጩ «ይበቃል» ሲላችሁ አልዋሸም፤ ለሥራ ግን አይበቃም፣ 8 ያስፈልጋል። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲውን አስቀድሙ።

ዕቃው ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባው 2.5 ኢንች ሳታ ነው። «አዲስ ነው» የተባለውን ኤስኤስዲ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሻጩ ፊት ክፈቱት፤ የሠራበት ሰዓት በሺዎች ከተጻፈ ያገለገለ ነው። ራም ስትገዙ የድሮውን አስወጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አራተኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፖች በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ይፈልጋሉ፤ 1.5 ቮልቱ ዲዲአር3 ብዙዎቹን አያስነሳም፣ ዲዲአር4 ደግሞ ጭራሽ አይገባም። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ ምንም መጨመር አይቻልም፤ ይህን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ላፕቶፑን ከማስረከባችሁ በፊት ባክአፕ አድርጉ። ብዙ የጥገና ቤቶች ፎርማት አድርገው (ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍተው) ነው የሚጭኑት፣ ይፈጥንላቸዋልና። «ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ገልብጠናል» ማለት ሁሉንም ገልብጠናል ማለት አይደለም። በተለይ የሒሳብ ሥራ የምትሠሩ፦ ፒችትሪ የድርጅቱን ዳታ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ከፋይል ሜኑ ባክአፕ ውሰዱ፣ በፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ከፍታችሁ ሞክሩት። የዓመት ሒሳብ በአንድ ፎርማት የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው።

ሥራውን ስትረከቡ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተር ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ» የሚል ካለ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልተጫነም፤ ቪዲዮ የሚቆራረጠውና የስክሪኑ ብርሃን አልስተካከል የሚለው በዚህ ነው። አክቲቬሽን ገጽ ላይ፣ የግላችሁ ላፕቶፕ ሆኖ ሳለ በድርጅት አክቲቬሽን አገልግሎት እንደተከፈተ ከተጻፈ ክራክ (ያለ ሕጋዊ ላይሰንስ የተከፈተ) ነው። ሦስተኛው ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ነው፤ ኤክስክሉዥን በሚለው ሥር የማታውቁት ፎልደር ካለ፣ ክራኩ እንዳይያዝ ጸረ ቫይረሱ እዚያ እንዳይፈትሽ ተደርጓል ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ማሽን የባንክ አፕ አትክፈቱ።

ቀድማችሁ ላስጫናችሁም መውጫ አለ። መጀመሪያ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ አንድ ቀን ተዉት፤ ከጭነት በኋላ ፋይል ማውጣትና ማሻሻያ ማውረድ ስላለበት የመጀመሪያው ቀን ፍጥነት አይፈረድበትም። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ ላይ የማያስፈልጓችሁን ዝጉ፣ ዋንድራይቭን የማትጠቀሙበት ከሆነ አጥፉት። አሁንም ካልተሻለውና የተጫነው ሳይፎርማት ከሆነ፣ በ10 ቀን ውስጥ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ገብታችሁ «ጎ ባክ» በሚለው ወደ 10 መመለስ ትችላላችሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባለው ፎልደር ነው። «ቦታ ላስለቅቅልህ» ብሎ እሱን የሚያጠፋ ባለሙያ መመለሻችሁን ነው የሚያጠፋው፤ 10 ቀኑ ሳያልፍ ማንም እንዳይነካው በሉት።