ቡኻራ ወይስ ዱም ፑክት?

በኒው ዴልሂው አይቲሲ ሞሪያ ሆቴል ሁለት ስመ ጥር የሰሜን ሕንድ ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ይፎካከራሉ።

ቡኻራ የእሳት ቤት ነው። ሥጋውም ናን የተባለው ቂጣም የሚወጣው ከታንዱር፣ ከጋለው የሸክላ ምድጃ ነው። ዳል የተባለው ጥቁር የጥራጥሬ ወጥ ደግሞ ቲማቲም፣ ቅቤና ክሬም ተጨምሮበት በከሰል ላይ 18 ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ያድራል። እንግዳው ሽርጥ ታጥቆ በእጁ ይበላል፤ እንጀራ እየቆረሰ ላደገ ሰው ይህ ምን ይገርመዋል!

ዱም ፑክት ግን ላክናው በተባለችው የሰሜን ሕንድ ከተማ የነበሩ ናዋቦች፣ ማለትም መሳፍንት፣ ወግ ነው። ቢርያኒ የተባለው የሩዝና የሥጋ ምግብ ድስት በሊጥ ታሽጎ በገዛ እንፋሎቱ በዝግታ ይበስላል፤ ሲከፈት መዓዛው ከአስተናጋጁ ይቀድማል። ካኮሪ ከባብ የተባለው የተፈጨ ሥጋ ጥብስ ከመላሙ የተነሣ ጥርስ አያሻውም።

ኪስን መጉዳቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለረጋ የሽማግሌ ጨዋታ ዱም ፑክት ይሻላል። እኔ ግን ለዳሉ ስል ቡኻራን እመርጣለሁ።