ተርብ ግቢውን ለወረሰባችሁ አንድ አናጺ ልጠቁማችሁ

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ሽምብጥና ሐይቁን ተጠግታችሁ የምትኖሩ፣ ይህን ጽሁፍ አንብቡልኝ። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው።

የኛ ግቢ እንደ ሰፈሩ ግቢ ሁሉ ነው። አንድ ማንጎ፣ ሁለት ሎሚ፣ የእማዬ ጎመን፣ ከጀርባ ሰርቪስ ቤት። ከሰርቪሱ ጎን ሮቶው ቆሟል። ተርቦቹ ቤታቸውን የሠሩት ልክ ከሮቶው በላይ፣ የቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ነው። መጀመሪያ ያየኋት መስከረም ላይ ነበር። የቡና ሲኒ አፍ የምታክል ነገር ነበረች። ናቅኋት። ኅዳር ሲገባ ትልቅ የወጥ ሰሃን አከለች። ላይዋ ላይ ተርቡ ተደራርቦ ሲታይ ቡናማ ጨርቅ የተሰቀለ ይመስላል። ጨርቁ ግን ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ በኋላ ውሃ መቅዳት ጣጣ ሆነ። እማዬ ቅዳሴ የምትሄድ ይመስል ነጠላዋን ተከናንባ ነው ባልዲ ይዛ የምትወጣው። ልብስ ማስጫውን ወደ በሩ አዞርነው።

ምክር ግን አልጠፋም። አንዷ ጎረቤታችን «ንብ ነው፣ ማር አለው፣ እንዳትነኩት» አለች። እማዬም ለጊዜው ደስ ብሏት ነበር፤ እንዲያውም ማሩን ለማን እንደምትልክ ማሰብ ጀምራለች። ጋሼ ጎረቤታችን ደግሞ «ኅዳር 12 ሲታጠን በራሳቸው ይሄዳሉ» አሉን። አንድ ሰውዬ መጥቶ አየና 2,500 ብር ጠየቀ። ዘዴው ምን እንደሆነ ስጠይቀው ረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቤንዚን ነክሮ መለኮስ። ከክፈፉ ሥር የባሕር ዛፍ ማገር፣ ከማገሩ ሥር የፕላስቲክ ሮቶ። ሸኘሁት።

ኅዳር 12ን ጠበቅን። ሰፈሩ ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን የሚያጤስበት ቀን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ሀገሩን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የሚያያዝ ልማድ። እኛም የማንጎውን ቅጠል ከሮቶው አጠገብ ከምረን ለኮስን። ጭሱ ወደ ክፈፉ ወጣ። ተርቦቹም ወጡ። ግን ወደ ሐይቁ አልሄዱም፤ ወደኛ ነው የመጡት። የእህቴን ልጅ፣ ገና 7 ዓመቱ ነው፣ አንዱ ቅንድቡ ላይ ሌላው ጆሮው ላይ ነደፉት። ንብ አንዴ ከነደፈ መርፌውን ጥሎ ይሞታል። ተርብ ግን መርፌው ስለማይቀርበት ደጋግሞ ይነድፋል። ይህን ያን ቀን በደንብ ተማርን። ልጁ ዓይኑ አብጦ ሁለት ቀን ባንድ ዓይኑ ዋለ፤ በቀዝቃዛ ውሃ እየያዝንለት ዳነ። (ተነድፎ ትንፋሽ ያጠረው፣ ምላሱ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ ወይም ራሱን ያዞረው ሰው ካለ ግን በቀዝቃዛ ውሃ አይታለፍም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው።) ጭሱ ሲጠፋ ተርቦቹ ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። እኛ ነን ከግቢው የወጣነው።

እንግዲህ ይህን አናጺ ያገኘሁት በዚህ መሃል ነው። የሥራ ባልደረባዬ ጣሪያ ሲያስቀይር ክፈፉ ሥር ተርብ ተገኝቶ፣ አናጺው ራሱ እንዳነሳለት ነገረኝ። ደወልኩ። ሰላምታ እንደጨረስን የጠየቀኝ ዋጋም አድራሻም አይደለም።

«ወገቡ እንዴት ነው እህቴ?»

«የማን ወገብ?»

«የነፍሳቱ። እንደ ክር የቀጠነ ነው? ሲበር ኋላ እግሩ ይንጠለጠላል?»

ሄጄ ከሩቅ አየሁ። ይንጠለጠላል። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። «ተርብ ነው፤ ማር የለውም፣ ለእማማ ንገሪያቸው» ብሎ መለሰ። ንብ ቢሆን ኖሮ ቀፎ ላለው ሰው ደውሎ መንጋውን ያስወስድልን እንደነበር ነገረኝ፤ ንብ አይገደልም አለ። ከዚያ «ማታ እመጣለሁ» አለ። ለምን ቀን አትመጣም ስለው፣ «ቀን ግማሾቹ ሥራ ላይ ናቸው። ቤታቸውን ብታነሺው አመሻሽ ተመልሰው አንቺን ነው የሚጠይቁሽ።»

በማግስቱ ልክ 1 ሰዓት ሲሆን፣ ጨለማው ሲይዝ፣ በባጃጅ መጣ። ዕቃው ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ወፍራም ቱታ ለበሰ፣ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከተተ፣ መረብ ያለው ባርኔጣ አጠለቀ፣ የቆዳ ጓንት። የእጅ ባትሪው አፍ ላይ ቀይ ፌስታል አስሮበታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ነፍሳት ቀይ ብርሃን በደንብ አይታያቸውም፤ ነጭ መብራት ብታበሪባቸው ግን ወደ መብራቱ ነው የሚመጡት አለኝ። የበረንዳውን አምፖል አስጠፋን፣ የእህቴን ልጅ ቤት አስገባን፣ በርና መስኮት ዘጋን።

እኔ ፍሊት ገዝቼ አስቀምጬለት ነበር። አልነካውም። መጀመሪያ የሮቶውን ክዳን ፈተሸ፣ በላዩም ላስቲክ አለበሰበት። «የምትጠጡት ውሃ ላይ መርዝ አልነፋም» አለ። ቀጥሎም ከአጥር ማዶ ቀፎ መኖሩን ጠየቀ። አለ፤ ጋሼ ጎረቤታችን ሁለት ቀፎ አላቸው። እኛ ራሳችን ስለ ቀፎው አላሰብንም ነበር። በአትክልት መርጫ ያመጣው ውሃ ላርጎ ብቻ የተጨመረበት ነው። የሳሙና ውሃ ክንፋቸውን ያርሰዋል፣ የሚተነፍሱበትንም ይደፍነዋል። ከመሰላሉ ወጥቶ ቀስ ብሎ ረጨው። አልቸኮለም። ደረቅ ቅጠል ሲረገፍ የመሰለ ድምፅ ሰማን፤ ተርቦቹ ላስቲኩ ላይ ሲወድቁ ነው። ከዚያ ወፍራም ፌስታል ከሥር አልብሶ፣ ቤቱ ክፈፉን የያዘበትን ቀጭን እግር በቢላ ቆረጠ። ያ ሁሉ ቤት በአንዲት የጥፍር ውፍረት ባላት እግር ነው የተንጠለጠለው። አፉን ቋጥሮ ወረደ። ከመሰላሉ ከወጣ እስኪወርድ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱን በቀን አየነው። ግራጫ ነው፤ ሲነኩት ልክ ወረቀት። ጉድጓዶቹ ስድስት ማዕዘን ናቸው፣ አንዳንዶቹ በነጭ ክዳን ተደፍነዋል፣ ውስጣቸው ወደ ተርብነት የሚቀየር ትል አለ። እማዬ በጣቷ ፈርፈር አድርጋ «ይሄን ወረቀት ከየት አመጡት?» አለች። አናጺው ማታ ነግሮኝ ስለነበር የድሮውን የእንጨት አጥራችንን አሳየኋት። ግራጫው ላይ ቀጫጭን ፈዘዝ ያሉ ሰንበሮች አሉ። ተርቦቹ እንጨቱን እየፋቁ፣ በምራቃቸው እያላቆጡ ነው ቤት የሠሩት። አጥራችንን ነው ለካ ተሸክመው የሄዱት። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና «ወይ ጉድ፣ ሲሚንቶ እንኳ አልገዙም» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሳንጠራው መጣ። ማታ ውጪ ያደሩ ጥቂት ተርቦች ቦታውን እየዞሩ ነበር፤ ቤት ሲያጡ ይበተናሉ አለ፣ ተበተኑም። እግሩ የነበረበትን ቦታ ፍቆ ቅባት ቀባው፣ የማገሩን ስንጥቅ ደፈነ። የዚያን ቀን ግን አንድ ሌላ ነገር አሳየሁት። ከጓሮ፣ ከሎሚው ቅርንጫፍ ላይ፣ የመዳፍ ግማሽ የምታክል ትንሽ የተርብ ቤት አለች። እሷንም አንሳልኝ አልኩት። ተጨማሪ ገንዘብ እከፍላለሁም አልኩ።

እምቢ አለ።

ይልቅ ወደ ጎመኑ ወሰደኝ። ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። አንድ ተርብ መጥቶ ቅጠሉ ሥር ገባ። አረንጓዴ ትል ይዞ ወጣ። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቆሞ በአፉ እያገላበጠ አኘከው፣ ትሉ የአተር ፍሬ የመሰለ ድብልብል እስኪሆን፣ ከዚያ ተሸክሞ ወደ ሎሚው በረረ። ለልጆቹ ነው የሚወስደው። «ሰው የማያልፍበት ቦታ ላይ ናት። ካልነካችኋት አትነካችሁም። ትሉን ደግሞ በነፃ ትለቅምላችኋለች» አለኝ። ሊወስደው የሚችለውን ብር ትቶ ነው እንግዲህ። እኔ ብሆን አነሳው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

የከፈልኩት 700 ብር ነው፣ የባጃጁን ጨምሮ። እማዬ ቡና ጠጣ አለችው። «እማማ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ ዓባይን ልሻገር» ብሎ ነበር በመጀመሪያው ማታ የሄደው። በሦስተኛው ቀን ግን ሦስተኛው ሲኒ እስኪደርስ ተቀመጠ። የዘጌ ልጅ ነው። ቡና ሲለቅሙ ቅርንጫፍ ከመሳባቸው በፊት ሥሩን አይተው እንደሆነ አጫወተን። ጎበዝና ቀልጣፋ ልጅ «ተርብ ነው» እንላለን አይደል? እማዬ ይህን ቃል ለሱ ልትጠቀምበት ፈልጋ፣ ከመጣበት ሥራ አንጻር ነውር መስሏት ተወችው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ፎቶ አዘጋጁ፤ ወገቡ ይታይ። ከ11 ሰዓት በፊት ግን አትደውሉለት። ቀን ጣሪያ ላይ ነው የሚውለው፣ እዚያው ሆኖ በአንድ እጁ ስልክ የማንሳት ክፉ ልማድ አለው።