«እንዳለ ውሰዱት» ካሏችሁ አትውሰዱ

ጎንደር ውስጥ ቤት የምትሠሩ ወይም ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ፣ ይቺን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። የአዲስ ዕቃ ዋጋ ሰማይ ስለነካ ሰው ፊቱን ወደ ፈረሰ ቤት ዕቃ አዙሯል። እኔም አልቃወምም። ደህና የጥድ ቋሚ፣ የብረት በር፣ የመሠረት ድንጋይ ከፈረሰ ቤት በርካሽ ይገኛል። ነገሬ ስለ አንድ ዓይነት ሽያጭ ነው። ሻጩ ቆርቆሮውን፣ ፌሮውን (የኮንክሪት ብረቱን)፣ በርና መስኮቱን፣ ጣውላውን አንድ ላይ ይከምርና «እንዳለ ውሰዱት» ይላል። መምረጥ የለም፣ መቁጠር የለም። ዋጋው ግን ያስጎመጃል።

እህቴ አዘዞ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ልትሠራ ስትነሳ የገጠማት ይኸው ነው። ደላላው «ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ መንገድ ላይ ነው» እያለ አጣደፋት። ክምሩን ከላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። ግቢ ገብቶ ሲራገፍ ግን ደህናው የላይኛው ረድፍ ብቻ ሆነ።

ቆርቆሮው ብርማ ቀለም ተቀብቷል። አንዱን አንስተን ወደ ፀሐይ ስንይዘው ወንፊት ነው። የድሮው የምስማር ቀዳዳ በሬንጅ ተደፍኖ ቀለሙ ከላዩ ተደርቦበታል። ሬንጁ በበጋ ፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ሰኔ ሲገባ ጉዱ ይወጣል። ደግሞ የድሮው ቀዳዳ ከአዲሱ ሞራሌ (ቆርቆሮው ከሚመታበት እንጨት) ጋር አይገጥምም። አናጺው አዲስ መብሳቱ አይቀርም፣ አሮጌውም ክፍቱን ይቀራል። ጌጁም፣ የውፍረቱ መለኪያ ማለት ነው፣ ሌላ ጣጣ ነው። ባለ 28 ነው ተብሎ የተሸጠው በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የጌጁ ቁጥር ባደገ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 በጣም ይሳሳል። ይህን የማያውቅ ገዢ ትልቁን ቁጥር ሲሰማ ወፍራም ይመስለዋል፣ ሻጮቹም ዝም ይላሉ።

በሩና መስኮቱ በቡናማ ቀለም አምሮባቸዋል። ካቻቢቴ ብነካበት እስከ እጀታው ሊገባ ምንም አልቀረው። ምስጥ የበላው ውስጡ በስቱኮ ተሞልቶ ኖሯል። ስለዚህ እንጨት ልትገዙ ስትሄዱ ካቻቢቴ ከኪሳችሁ አይጥፋ። ከታች በኩል፣ መሬት የሚነካበትን ጫፍ ውጉት። ምስጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥድ ነው ካሏችሁ በቢላዋ ፋቅ አድርጉና አሽትቱት። ጥድ ከሆነ አሮጌውም ይሸታል፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ ከሆነ ሌላ ዋጋ ተነጋገሩ።

መቼም ጎንደር ላይ አሮጌ ነገር ሁሉ «የጣሊያን» ነው። በሩም የጣሊያን፣ ጣውላውም የጣሊያን፣ ማጠፊያውም የጣሊያን። ጣሊያን እዚህ ከተማ የቆየው ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያች ጊዜ ያን ሁሉ በር ሠርቶ ከሆነ ሌላ ሥራ አልነበረውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ፌሮው። ሌላው ሁሉ ገንዘብ ነው የሚያስከፍላችሁ፣ ይሄኛው ግን ሕይወት ነው። ፌሮ ከፈረሰ ኮንክሪት የሚወጣው በመዶሻ ተቀጥቅጦና ተጣሞ ነው። ከዚያ በቱቦ እየተያዘ ይቃናል። ሲያዩት ቀጥ ብሏል። ብረት ግን ሳይሞቅ ታጥፎ እንደገና ሲቃና፣ የታጠፈበት ቦታ ይደርቃል። የመለጠጥ አቅሙን ያጣል፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ሊይዝ ይችላል። እህቴ ግቢ ፌሮ ሠራተኛው ባለ 8 ሚሊውን ለስታፋ፣ ማለትም የኮለኑን (የኮንክሪት ምሰሶውን) ብረቶች ዙሪያውን ለሚያስረው ቀለበት፣ ሊያጥፍ ገና ጫን ሲለው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ስባሪውን ለእህቴ ሰጣትና «እታለም፣ ይሄ ኮለን ውስጥ ገብቶ ከሥሩ እኔ አላድርም» አላት።

ውፍረቱም ያው ነው። ዝገቱ እንደ አቧራ ተጠርጎ የሚሄድ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። በቅርፊት እየተላጠ የሚነሳ ከሆነ ግን ብረቱ ተበልቷል። በሚዛን ይታወቃል። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ መመዘን አለበት፣ ሙሉው 12 ሜትር ደግሞ 10.66 ኪሎ ገደማ። ባለ 12 ተብሎ ከመጣው ላይ አንድ ሜትር ቆርጠን ብንመዝነው 700 ግራም አልሞላም። ለኮለን፣ ለቢም (ለአግድሙ ተሸካሚ)፣ ለሶሌታ (ለኮንክሪቱ ንጣፍ) አሮጌ ፌሮ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ያ ሁሉ ፌሮ በመጨረሻ ለቁራሌው በኪሎ ሄደ።

አሮጌ የመብራት ሽቦና ብሬከርም አትግዙ፣ ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የድሮ የኢተርኒት (ከሲሚንቶ የተሠራ) ክዳን ከመጣላችሁ ደግሞ በመጋዝ አትቁረጡት። በውስጡ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

አንዳንዱ የተጠረበ ጥንታዊ ድንጋይ ነው ብሎም ይመጣል። ከየት እንደተነሳ ጠይቁት። አጠገባችን ያለው የፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992ም አለ። ከጥንት ፍርስራሽ የተነሳ ድንጋይ ግቢያችሁ ቢገኝ ለፖሊስ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ፣ ደላላው አይደለም።

እህቴ ዕቃውን ልትመልስ ስትሄድ ሻጩ «ከግቢዬ ከወጣ አላውቅም» አላት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ግን ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ፣ ምስክሩ ደላላው ራሱ። በምን ትክሰስ?

ስለዚህ መግዛታችሁ ካልቀረ ቆርቆሮውን በፍሬ፣ እንጨቱን በሜትር ግዙ። አናጺያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የአበሉ ነገር አያሳስባችሁ። የፈረሰው ቤት የማን እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ፣ የተሰረቀ ዕቃም ይሸጣልና። የመረጣችሁትን በኖራ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ፎቶም አንሱት። ቀብድ ከፍላችሁ «ነገ በጠዋት እናስጭናለን» ብላችሁ አትሂዱ። ሌሊቱን ክምሩ ይለወጣል። መኪናው ሲጫን እዚያው ቁሙ።